የተላላጠ ቸርኬ ጎንደር ላይ፦ ለየትኛው ሥራ መክፈል ያዋጣል?

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ጎንደር ላይ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬ ለማሳደስ በትንሽ ወጪ ብዙ ዕድሜ የሚገኘው፣ ማጠቡንና መፈግፈጉን ቤት ጨርሶ ለቀለም ቀቢው የመርጨቱን ብቻ በመክፈል ነው። «ጠዋት አምጡት፣ ማታ ውሰዱት» የሚባለው ሙሉ አገልግሎት ለዓይን ያምራል፣ ክረምት ግን አያሻግርም። የጣሳ ስፕሬይ ደግሞ ከሚታማው ይሻላል፣ ከሚወደሰው ያንሳል። ብር አልጠቀስንም፤ የቀለም ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ ይቀየራል።

ምሳሌያችን እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 የተሠራችው ቶዮታ ሴሊካ ናት። ቸርኬዋ 14 ወይም 15 ኢንች ነው፤ አምስቱ ብሎኖች በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ይቀመጣሉ፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አራት ብሎን በ114.3 ክብ ላይ ስለሆነ ከእሱ የወለቀ ቸርኬ አይገጥምላትም። ያለውን ማደስ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። የቀለሙ ሥራ ግን ለማንኛውም አሎይ (የአሉሚኒየም) ቸርኬ ያው ነው።

ቀለም ከማሰብ በፊት ስንጥቅ ይፈለግ። በክሪክ አንሡ፣ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ፣ እርሳስ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያዙ። ጠርዙ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢወላወል ችግር የለውም፤ ከዚያ ካለፈ ተጣሟል። ቸርኬውን ካወለቃችሁ በኋላ የውስጡን ጠርዝ አጽዱና ጠመኔ ቀቡት፣ ከማዶው በኩል ላምባ በብሩሽ አስነኩ። ስንጥቅ ካለ ላምባው ሰርጎ በጠመኔው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያወጣል። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው በማይታየው በውስጥ በኩል ነው፤ ውጪውን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም።

የማቃናት አገልግሎትን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ አለን፦ በእሳት አሙቆ በመዶሻ ለሚያቃና ሰው ቸርኬ አትስጡ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ መልኩን ሳይቀይር ይለሰልሳል። ቸርኬው ከፋብሪካ ሲወጣ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ተመጥኖ ነው፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ያንን ጥንካሬ ማጣት ይጀምራል። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ጥመት ያለ እሳት፣ በፕሬስ ቀስ ተብሎ ቢገፋ ያስኬዳል። የተሰነጠቀው ግን አይበየድ፤ ድስት ለሚያቀልጡት ይሰጥ፣ እዚያ ቢያንስ ወጥ ይሠራበታል።

ጎሚስታ ዘንድ ጎማ ማስወለቅ ግድ የሚሆነው ቸርኬው አየር የሚያስተነፍስ ከሆነ ብቻ ነው። ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መግጠም ይበቃል። የሚያወልቀው በማሽን መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሌቫ የሚሠራ ከሆነ ሌቫው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲክ ያስገባ። አለበለዚያ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካደረሰው ጉዳት የባሰ ጭረት ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። አየር የማይወጣው ጎማ ሳይወልቅ ሊቀባ ይችላል፦ አየሩን ግማሽ ድረስ አስተንፍሱ፣ በጎማውና በቸርኬው መካከል የመጫወቻ ካርታ እያደራረባችሁ ዙሪያውን ሰኩ። አንድ ቸርኬ ወደ 26 ካርታ ይፈጃል፤ አንድ ፓኬት ለሁለት ጎማ ይደርሳል።

ዋናው ሥራ ዝግጅቱ ነው፣ ርካሽ ጋራዥ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በብዙ ቦታ ቸርኬ በናፍጣ ታጥቦ ቀጥታ ይረጫል። ናፍጣ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ቀለሙም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እያለ ይሸሻል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በብሩሽ የፍሬን ብናኙን ማስለቀቅ፤ ማድረቅ፤ የተፋቀውን ጠርዝ በሞረድ ማስተካከል፤ ከዚያ በ120፣ ቀጥሎ በ240፣ በመጨረሻ በውሃ እያራሱ በ400 መፈግፈግ። የጠነከረው አሮጌ ቀለም ሁሉ መነሣት የለበትም፤ የሚለቀው ብቻ ይነሣ፣ ድንበሩ በጣት ሲዳሰስ እስከማይታወቅ ይለስልስ። ከመቀባቱ በፊት በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጉ፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሡት። በአንድ ጨርቅ ብቻ መጥረግ ቅባቱን ቦታ ማዘዋወር ነው።

ስቱኮ ከተፈለገ የመኪናው እንጂ የግድግዳው አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም «ስቱኮ» ስለሚባሉ ለይታችሁ ጠይቁ። ለ100 ግራም 2 ግራም ማጠንከሪያ ይበቃል። ሲበዛ ቶሎ ይደርቅና ቆይቶ ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አትከምሩ፤ ጎድጎድ ያለውን በሞረድ ማሳነስ ይሻላል። ደግሞም ስቱኮ ባዶ አሉሚኒየም ላይ እንጂ አሲድ ባለው ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት በሚቀባው መነሻ) ላይ አይለጠፍም፤ ከፕራይመሩ ጋር ተጋጭቶ ይነሣል። መጀመሪያ ስቱኮ፣ ቀጥሎ ፕራይመር።

ቀለም ቤት ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ምን ፕራይመር? ለብረት በር የሚቀባው ቀይ አንቲሩጂን አሉሚኒየም አይዝም፤ ኢፖክሲ ወይም ለአሉሚኒየም የተሠራ አሲድ ያለው ፕራይመር መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) ማጠንከሪያ አለው? ከዚህ በፊት የቀባውን ዕቃ በቲነር በራሰ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ማጠንከሪያ የሌለው ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ይለቃል። ማጠንከሪያ ያለው ክሊር ብዙ ጊዜ ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ይቀላቀላል፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ ግን የጣሳው ይከበር። ጭሱ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ የሐኪም ቤት ማስክ አይከላከለውም፣ ካርትሪጅ (የጭስ ማጣሪያ) ያለው ያስፈልጋል። ይህን ክፍል ለባለሙያ ስጡ የምንለው ኮምፕሬሰሩን ብቻ አስበን አይደለም።

ለቀለም ቤቱ አቅም ከሌለ የጣሳ ስፕሬይ አለ። ለአራት ባለ 15 ኢንች ቸርኬ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሰባት ጣሳዎች ያስፈልጋሉ፦ ሁለት ፕራይመር፣ ሦስት ብርማ ቀለም፣ ሁለት ክሊር። ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ይሁኑ፤ የተለያየ ሲቀላቀል የላይኛው የታችኛውን ያጨማድዳል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ የመጀመሪያው ዙር እንደ ጤዛ የሳሳ፣ በየዙሩ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ቀለሙ አየር ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ከርቀት ሲረጭ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ሲሻክር ቀረብ በሉ እንጂ አታብዙ፣ ቀለሙ ይንጠባጠባል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሳይነሣ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ መቀባት የተሻለ ነው። ብቻ ጠዋት አትቸኩሉ፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለበት ብርድ ጣሳውንም ይይዘዋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይረጭ፣ መሬቱ ውሃ ይርከፈከፍበት፣ ዶሮዎቹ ይከተሩ።

አዲስ አበባ ልኮ በምድጃ የሚጋገር የዱቄት ቀለም ማስቀባትም ይቻላል። ጥራቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ማጓጓዣ፣ ጎማ ማስወለቅና ማስገጠም ሲደመርበት ግን ርካሽ ከሚለው ወጣ።

ቸርኬው በሞዞው (መኪናው ላይ ቸርኬ በሚታሠርበት ክፍል) ላይ የሚያርፍበት ፊት፣ የመሃል ቀዳዳውና የብሎኑ መቀመጫ ቀለም አይንካቸው። እዚያ ያለ ቀለም ሲጨፈለቅ ብሎኑ ይላላል። ብሎኑ ላይ የሚጠብቁትን ዳዶዎችም ተመልከቱ፦ አንዳንድ የቶዮታ አሎይ ረዘም ያለ አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ ባለው ዳዶ ይታሠራል፣ በሾጣጣው ተክቶ ማሠር አይሆንም። ባላንስ ሲደረግ በጠርዙ ላይ የሚነከሰውን የማመዛዘኛ እርሳስ ትታችሁ በውስጥ የሚለጠፈውን ጠይቁ፤ የሚነከሰው አዲሱን ክሊር ሰብሮ ዝገቱን መልሶ ያስጀምራል። የሴሊካ ብሎን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች ከሌለ፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ወደ 21 ኪሎ ከሚጠጋ ጫና ጋር እኩል ነው። ሙሉ ሰውነት ጭኖ መፍቻው ላይ የሚቆም ጎሚስታ ብሎኑን እየለጠጠው ነውና ውረድ በሉት። ጎርጎራ ደርሳችሁ ስትመለሱ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ።