ፒያሳ ለሽያጭ የቀረበው «የጣልያን» ሞተር ሳይክል፦ ማንነቱና የሚገባው ዋጋ

ጎንደር ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል ለሽያጭ ሲወጣ ስሙ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «የጣልያን» ይባላል። መነሻ የሌለው ነገር አይደለም። ፒያሳን ጣልያን ሠራው፣ ሊማሊሞን ጣልያን ጠረገው፣ ጋራዥ ውስጥ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን)፣ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እያልን የምንጠራውም ሁሉ ከእሱ አፍ የቀረ ነው። ነገር ግን የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ አሸናፊ ሆኖ የገባው የእንግሊዝ ጦርም የራሱ ሞተር ሳይክሎች ነበሩት። አሁን ፒያሳ አካባቢ «የ1934 ሞቶ ጉዚ» ተብሎ የቀረበው ባለ ቀይ ሰርባቶዮ (የነዳጅ ታንክ) ማሽን የእነዚያ ወገን ነው፤ ጉዚ አይደለም።

ይህን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ ከአሥር እርምጃ ርቀት ይታያል። በዚያ ዘመን የጣልያን ጦር ይጠቀምበት የነበረው ሞቶ ጉዚ አልቼ (እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1945 የተሠራው) ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ ነው። ቦላኖው (ከባዱ ክብ ብረት) ደግሞ ከሞተሩ ውጭ፣ በግራ በኩል፣ በዓይን እየታየ ይሽከረከራል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አንድ አካል ነው። የፒያሳው ማሽን ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ካምቢዮው ለብቻው ታስሯል፣ ቴስታታው ጠፍጣፋ ክዳን ነው፤ ባልቦላዎቹ (ቫልቮቹ) ከላይ ሳይሆኑ በቀኝ በኩል ከሲሊንደሩ ጎን ናቸው። ይህ የእንግሊዙ ፋብሪካ የቢኤስኤ ኤም 20 መልክ ነው። በርሚንግሃም የተሠራ፣ 496 ሲሲ፣ 13 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው፣ በጦርነቱ ጊዜ ብቻ 126,000 ያህል ለጦር ሠራዊት የቀረበ ማሽን ነው።

ዓይኑን የማያምን ሰው ቁልፍ ይያዝ። የጣልያንና የጀርመን ማሽን በሚሊሜትር ስለተሠራ የ10፣ የ14፣ የ17 ቁልፍ ልክክ ይላል። የእንግሊዙ ዳዶ ግን በዊትዎርዝ ልክ (በኢንች በሚለካው በጥንቱ የእንግሊዝ መለኪያ) ነው፤ የሩብ ኢንቹ ዳዶ ራሱ 13.3 ሚሊሜትር ስለሆነ የ13 ቁልፍ እምቢ ይላል፣ የ14ቱ ይላወሳል። በዚህ ማሽን ላይ ጎናቸው ተበልቶ የተድበለበሉ ዳዶዎች የበዙትም ለዓመታት በማይሆን ቁልፍ ስለተፈቱ ነው። የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ስብስብ የዊትዎርዝ ቁልፍ ነው፤ ያለ እሱ የሚነካው ሁሉ ይበላሻል።

የ«1934» ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ ብዙ ገዥ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የኛ 1934 እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1941 እስከ መስከረም 1942 ያለው ዓመት ነው። የውጭ አገር ሰው ወይም ኢንተርኔት ላይ የሚያመሳክር ልጅ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ማሽኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት መሠራትና በጦርነቱ ጊዜ መሠራት ዋጋ የሚለያይ ነገር ነው። ከዚህም ሌላ ሊብሬ ላይ የሚገኘው ዓመት አንዳንዴ የተመዘገበበት እንጂ የተሠራበት አይደለም። ስለዚህ ዓመቱን የምንጠይቀው ወረቀቱን ሳይሆን ብረቱን ነው።

የኤም 20 ሻንሲ ቁጥር በግራ በኩል፣ ከፊት ያለው ቱቦ ታች ሞተሩ ከሚታሰርበት ብረት ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር በግራው የሞተር ካሳ ላይ፣ ከሲሊንደሩ እግር ሥር ነው። ቦታው በዘይትና በአቧራ ድፍን ስላለ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ብቻ ይጸዳ። የሽቦ ብሩሽ ወይም ሞላ (መሳያ) ማሽን የነካው ቁጥር አይመለስም። ከዚያ ስስ ወረቀት አስደግፎ እርሳስ ማሸት ነው፤ ዓይን የማያየውን ፊደል እርሳሱ ያወጣዋል። ከመታተሙ ዙሪያ ያለው ብረት የፉዛ (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ሸካራነቱ ካልጠፋ ጥሩ። በፋይል ተልጎ መስተዋት ከሆነ ቁጥሩ ተቀይሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። ፋብሪካው በእጅ ስለመታው ፊደሎቹ ትንሽ መዛነፋቸው የጤና ምልክት ነው።

እዚህ ሻንሲው በደብሊውኤም 20 (WM20) ይጀምራል፤ ይህ የጦርነት ዘመን ምልክት ነው። ሞተሩ ግን የሚጀምረው በዜድኤም 20 (ZM20) ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። ልብ በሉ፦ ሁለቱ ቁጥሮች አለመመሳሰላቸው በራሱ ጥፋት አይደለም። ቢኤስኤ በዚያ ዘመን የሻንሲና የሞተር ቁጥር አንድ አያደርግም ነበር፤ «ቁጥሩ ስላልገጠመ የተሰረቀ ነው» የሚል ደላላ አያስደንግጣችሁ። ጥፋቱ የፊደሎቹ ዘመን መለያየቱ ነው። ማሽኑ ከሁለት ማሽኖች የተገጣጠመ ነው።

ቴስታታው ከተፈታ መለካት የሚገባው ሲሊንደሩ ነው። የኤም 20 ስፋት 82 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 94 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 0.785 በ8.2፣ እንደገና በ8.2፣ በ9.4 ሴንቲሜትር ሲባዛ 496 ሲሲ ይመጣል። ስፋቱ 82 ሆኖ ጉዞው 112 ከሆነ ወንድሙ ኤም 21 ነው፣ 591 ሲሲ። 79 በ100 ከሆነ ኖርተን 16ኤች፣ 69 በ93 ከሆነ ማችለስ ጂ3፣ 88 በ82 ከሆነ ጉዚ ነው። የፒያሳው 83 ይለካል። ይህ ማለት ሁለት ጊዜ በቶርኖ ሰፍቷል፤ ለሌላ ማስፋት የቀረው ብረት ጥቂት ነው፤ ቀጥሎ ሲበላ አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደር ውስጥ ልባስ) ማስገባት ግድ ይላል።

ሲመቱት ቀለል ማለቱን ግን እንደ ጉዳት አትቁጠሩት። ባጃጅ የለመደ እግር «ኮምፕረሽን የለውም» ይላል፤ ይህ ሞተር ከመጀመሪያው የተሠራው በ4.9 ለ1 መጠን ብቻ ስለሆነ ለስላሳ ነው። የሚያሳስበው ቢዬላው ነው። ፒስተኑን ወደ ላይ አምጥቶ በመዳፍ መጫን፣ ከዚያ ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። ቢዬላው ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ያለ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች «ቋ» ካለ ግን የኮሎው (የክራንኩ) ኩሽኔታ አልቋል። እዚህ ድምፅ የለም። የማሽኑ ትልቁ ደግ ነገር ይህ ነው።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ኤም 20 የታወቀ አመል አለው፤ ዘይቱ ከታንኩ ቀስ እያለ ወርዶ የሞተሩን ሆድ ይሞላል። ሻጩ «ዘይት የለውም» ብሎ ከላይ ከጨመረበት በኋላ ቢያስነሡት በጭስ ይጠፋል፣ ጓርኒሲዮኖቹም (ማሸጊያዎቹም) ይተፋሉ። ከመምታት በፊት የሆዱን ቡሎን ፈትቶ ማፍሰስ ይገባል። ከተነሣ በኋላ የዘይት ታንኩን ክዳን ከፍቶ ማየት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ ዘይቱ እየተቆራረጠ ሲመለስ መታየት አለበት። ካልተመለሰ ወዲያው ይጥፋ።

ማግኔቶውን (እሳት አመንጪውን) ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ቀዝቃዛው ማግኔቶ ካንዴላው ላይ ሰማያዊ እሳት ይሰጣል፣ ሞተሩ በመጀመሪያ ምት ይነሣል፣ ሻጩም ይስቃል። ወደ አዘዞ ወርዳችሁ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስትመለሱ ይጠፋና እስኪበርድ አይነሣም። ምክንያቱ ውስጡ ያለው ኮንደንሰር ወይም ያረጀው የጠመዝማዛው ሽፋን ነው። ሲሞቅ ይከዳል። የፒያሳው እንዲሁ ያደርጋል። ዳግም መጠምጠም አለበት፤ ይህም ከማሽኑ ሥራ ሁሉ ውዱ ነው።

ካርቡራተሩ የራሱ አይደለም፤ ከባጃጅ የመጣ ትንሽ ነው። ትክክለኛው አማል 276 ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል፤ አማሉ ሲገኝም ለቆላ እንደተስተካከለ ቢገጠም ካንዴላው ጥቁር ይሆናል። መርፌውን አንድ ጥርስ ዝቅ ማድረግና ዋናውን ጂግለር (የነዳጅ ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ማሳነስ ይበቃዋል። ጉልበት መቀነሱ ግን አይቀርም፤ ከአሥራ ሦስቱ አሥር ያህል ብቻ ይገኛል።

ፎርኬላው (የፊት ጎማ መያዣው) የጥንቱ ነው፤ ከፊት አንድ ትልቅ ሞላ (ስፕሪንግ) የተሸከመው ዓይነት። ፊቱን አንሥቶ ታችኛውን ጫፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሳብ ይላወስ እንደሆን ይነግራል። ይላወሳል፤ ግን ፒኖቹንና ቡሽዎቹን ጎንደር ያለ ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሠራቸዋል። ሻንሲው በሲባጎ ሲለካ ቀጥ ያለ ነው። የኋላ ቸርኬው 18 ኢንች ነው፤ መሆን የነበረበት 19 ነው።

ቀለሙ ግን ያሳዝናል። ለሽያጭ ሲባል በቅርቡ በቀይ ተረጭቷል። ከሰርባቶዮው ሆድ ሥር፣ ረጪው ያልደረሰበት ቦታ፣ የጦሩ አረንጓዴ ይታያል፤ በላዩም የ«ሲ» ፊደልና የቁጥር ቅሪት አለ። እንግሊዞች ለሞተር ሳይክል የሚሰጡት የጦር መለያ እንደዚያ ነው። ይህ ቅሪት የማሽኑን ታሪክ የሚያስረዳ ብቸኛ ማስረጃ ነው፤ ሙሉውን ቢተዉት ኖሮ ከማንኛውም ቀይ ቀለም ይበልጥ ነበር። የገዛ ሰው አሁን በአሸዋ ወረቀት እንዳይልጠው፤ ቀዩን በጥጥና በቀለም ማቅጠኛ ቀስ እያለ ማንሣት ይቻላል።

ዋጋውን በተመለከተ፦ እንግሊዝ አገር የተሟላና የሚሄድ ኤም 20 ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 6,000 ፓውንድ ይሸጣል። ያ ጣራ ነው፤ ጎንደር ላይ ያለ ማሽን ከዚያ የሚጎድለውን ሁሉ ቀንሶ ነው የሚገመተው። ሻጩ የሚጠይቀው ለአንድ ወጥ ማሽን የሚከፈለውን ነው። በእኛ ግምት የሞተሩ ዘመን መለየት ብቻውን ከዋጋው አንድ አራተኛ ይወስዳል። ማግኔቶው፣ ካርቡራተሩ፣ ቸርኬውና ያለቀው ሲሊንደር ሲደመሩ ሌላ ሦስተኛ ይሄዳል። ስለዚህ ከተጠየቀው ሁለት አምስተኛ ያህል ተገቢ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚከፍል ሰው ቀዩን ቀለም ገዝቷል። ለመለዋወጫ መፍራት ግን አያስፈልግም። የተሠራው ብዙ ስለሆነ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ባልቦላና ጓርኒሲዮን እስከ ዛሬ በአዲስ ይመረታሉ። ለአልቼ ይህ ምቾት ያን ያህል የለም።

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አሁን ካለው ሞተር ጋር ካልገጠመ ቀብድ ከመስጠት በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስም ማዛወር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብም ጉምሩክንና የቅርስ ባለሥልጣንን አስቀድሞ ያነጋግር።