ለጎንደሩ አስጎብኚያችን፦ ምስጋናም ጥቆማም

እናት አባታችሁን ይዛችሁ ጎንደርን ለማየት አስባችሁ፣ "እዚያ ሄደን ምን እንበላለን?" እያላችሁ የተዋችሁት ሙስሊም ወገኖቼ፣ ይህ ለእናንተ ይጠቅማል። በዋናነት ግን ምስጋና ነው።

የማመሰግነው ፋሲል ግቢ በር ላይ ከሚሠሩት የከተማው አስጎብኚዎች አንዱን ነው። ስሙንና ፎቶውን እንዳልለጥፍ ለምኖኛል። ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

እማዬ የወሎ ሰው ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ስኳርም ስላለባት የምግብ ሰዓት ሲያልፍ አይሆንላትም። በእርድ ነገር ደግሞ ድርድር አታውቅም። ከአዲስ አበባ ሆኜ ወደ አንድ ሆቴል ደውዬ የሙስሊም ምግብ እንዳላቸው ስጠይቅ፣ "ስጋ ያው ስጋ ነው እኮ" ተባልኩ። አንድ የጉዞ ወኪል ደግሞ "ሁሉም አለ፣ ችግር የለም" አለኝ። እኔ ደግሞ ችግር የለም ሲሉኝ ነው የምሰጋው።

ከዚህ ልጅ ጋር ያገናኘኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስደውልለት ስለ ግንቦቹ አንድም ነገር አላነሳም። መጀመሪያ የጠየቀኝ "እማማ ደረጃ ይወጣሉ?" ብሎ ነው። ቀጠለና "የምትጠነቀቁት ስጋውን ብቻ ነው ወይስ ድስቱም ዘይቱም ይታሰብ?" አለኝ። ልጁ ክርስቲያን ነው። ከዚህ በፊት ይህን የጠየቀኝ አስጎብኚ አላጋጠመኝም።

ከዚያ "ዓርብ ግቡ" አለን። ምክንያቱን ሲነግረኝ ሳቅሁ። ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ብዙው ወጥ ቤት ሽሮና በያይነቱ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ጉዞ ላይ ድንገት ቢርባችሁ ቢያንስ የስጋ ጣጣ የለም። ጁምዓውም ከተማው ውስጥ ይሰገዳል። የክርስቲያኖቹ የጾም ቀን ለእኛ ቀላሉ እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር፤ እሱ ግን አስቦታል።

መንገዱን ሁላችንም ስለምናውቀው የሄድነው በአውሮፕላን ነው። አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበለን። ያረፍንበትን ቤት የመረጠው እሱ ነው። መጠጥ አይሸጥበትም፣ መኝታው ምድር ቤት ነው፣ ጠዋት ቡናው ይፈላል። ቲቪው አይሠራም ነበር፤ ማንም አላዘነም።

ለጁምዓ ወደ አዲስ ዓለም ወሰደን። ሰፈሩ ከድሮ ጀምሮ የጎንደር ሙስሊሞች መኖሪያ ነው። ታሪኩን ሳያለሳልስ ነው የነገረን። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ በጉባኤ ተወሰነ። ነጋዴውም ሸማኔውም ወደዚያ ወረደ። እንግዲህ ዛሬ እኛ የሐላል ምሳ ፍለጋ ወደዚያ ስንወርድ፣ ያ ውሳኔ በቀየሰው መንገድ እየሄድን ነው ማለት ነው። እማዬ ይህን ሰምታ ዝም አለች፤ ትንሽ ቆይታ "ሰዉ ግን አልጠፋም" አለች።

ምሳው ቅቅልና ሩዝ ነበር። የምግብ ቤቱን ባለቤት ቀድሞ አነጋግሮ ስለነበር ቅቅሉ ጨው ሳይበዛበት ለብቻው ተሠርቶ ጠበቀን። ልጁ አብሮን ተቀምጦ ሻይ ብቻ ጠጣ፤ እሱ ጾም ላይ ነው። ቅዳሜ ዕለትም ስጋው ስለማይሆነው ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ ተመለሰ። ማንም ማንንም "እንካ ቅመስ" ብሎ አላስጨነቀም። የአገራችን ሰው እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ፋሲል ግቢ ገባን። አፄ ፋሲል ጎንደርን መዲና ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ ተከታዮቹ ነገሥታት እዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ግንብ እየጨመሩ ሄዱ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔን ያስደነቀኝ አካሄዱ ነው። መጀመሪያ ለእማዬ ጥላ ያለው መቀመጫ ፈለገላት። ፊት ለፊቷ የፋሲል ግንብ ሙሉ በሙሉ እንዲታያት አድርጎ አስቀመጣትና ታሪኩን እዚያው ቁጭ ብሎ ተረከላት። ደረጃውን የወጣነው እኔና እህቴ ነን። ከዚያ ቀስ እያልን የኢያሱን ግንብ አየን፤ በጣሊያን ጊዜ ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ የእንግሊዝ ቦምብ ጎድቶታል። ሁሉንም ክፍል እናዳርስ አላለም። "የቀረው ይቅር፣ እማማ ደክመዋል" ብሎ ከዙህር ሶላት በፊት አወጣን። ውዱእ የሚደረግበት ውኃ የት እንዳለ እንኳ ቀድሞ አይቶ ነበር።

ቀትሩን ተኛን። የዕረፍት ጉዞ ብለው ከንጋት እስከ ማታ የሚያሯሩጡ አስጎብኚዎች ይህን ቢማሩ ጥሩ ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ በባጃጅ ወደ ፋሲል መዋኛ ሄድን። ጠዋት ግቢው ላይ የቆረጥነውን ቲኬት "እንዳትጥሉት" ብሎን ስለነበር እዚያም አገለገለን። ገንዳው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ነው የሚሞላው፤ እኛ ስንሄድ ደረቅ ነበር። አጥሩን የያዙት የዛፍ ሥሮች ግን ብቻቸውን ያስመጣሉ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ እማዬ ያለማንም ድጋፍ ዞረችው።

ማታ የጣና ዓሣ አማራት። ዓሣው ሐላል ነው፣ መጥበሻው ግን? ልጁ ይህን ጠዋት ላይ ከአፏ ሰምቶ ኖሯል። ለአንዱ የሙስሊም ምግብ ቤት ደውሎ ዓሣ አስገዝቶ፣ በአዲስ ዘይት እንዲጠበስ አስደርጓል። እማዬ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችውና እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችለት። እሱም "አሜን" አለ።

እሁድ ከበረራው በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማየት እንፈልግ እንደሆነ ጠየቀን፣ ግድ ግን አላለንም። ቅዳሴው እስኪያበቃ ጠብቀን እኔና እህቴ ገብተን በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች አየን። እማዬ ውጭ ዛፍ ሥር ከአንዲት የጎንደር እናት ጋር ስለ ጉልበት ሕመም መድኃኒት ስታወራ ቆየች። ማን ይበልጥ እንደተደሰተ አላውቅም፤ ስንወጣ ወሬው ገና አላለቀም ነበር።

ነቀፌታም አለኝ። ስለ አፄ በካፋ ከጀመረ ማቆም የለም። ንጉሡ ተራ ሰው መስለው በየመንደሩ ይዞሩ እንደነበር የሚተረከውን ሁሉ፣ ከባለቤታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ ጋር፣ በባጃጅ ውስጥ እየጮኸ ነው የነገረን። እህቴ ጆሮዋን ያዘች።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የእሱን ለብቻ፣ የባጃጁን ለብቻ፣ ከመሄዳችን በፊት በጽሑፍ ልኮልን ነበር። መጨረሻ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። ምግብ ቤቶቹም ላይ ኮሚሽን እንደማይወስድ ያወቅሁት የአንዱን ባለቤት ጠይቄ ነው።

የምትሄዱ ሰዎች የሰሞኑን ሁኔታ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፤ የማይሆን ከሆነ "አትምጡ" ይላችኋል፣ አንዴ እኛንም ብሎናል። ስትደውሉ የምግቡን ነገር በዝርዝር ንገሩት፣ ስኳርም ደም ግፊትም ካለ አትደብቁት። በጥምቀት ሰሞን ግን ትርፍ ጊዜ ስለማይኖረው ቀደም ብላችሁ ያዙት።

አንተም ይህን ካነበብክ፣ እማዬ በርበሬውን ለሚመጣ ሰው ሰጥታለች። ደርሶህ እንደሆነ ደውልላት፤ እኔን በየቀኑ እየጠየቀች አስቸግራኛለች።