ስለ «ጤነኛ» እና «ታማሚ» የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል

ኮርሱን የገዛሁት ለዕውቀት ብቻ ብዬ አይደለም። በር ቆልፌ ወጥቼ፣ ደረጃ ወርጄ፣ «ቆልፌዋለሁ ግን?» ብዬ የምመለስ ሰው ነኝ። በክፉ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። ኦሲዲ፣ ማለትም አስጨናቂ ሐሳብ እየመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም፣ እንዳለብኝ ሐኪም ከነገረኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስለ አእምሮ ሕመሞች በቪዲዮ የሚያስተምር የስምንት ሳምንት ኮርስ ሳይ፣ እስቲ ስለ እኔ ቢጤ ምን ይላሉ ብዬ ገባሁ። ቅሬታ ስላለኝ የኮርሱን ስም አልጠራም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግሩም ናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፤ አንድን ሰው «ታሟል» የምንለው በምን ለክተን ነው? አስተማሪዋ መለኪያ ታነሣና ራሷ ታፈርሰዋለች። ከብዙኃኑ መለየት ነው? እንዲያ ከሆነ የሒሳብ ሊቁም በሽተኛ ነው። ሥቃይ ነው? ሐዘን የደረሰበት ሰው ይሠቃያል፣ ግን አልታመመም። ማኒያ በሚባለው፣ ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት በሚያመጣ ሕመም ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅ ይሆናል። ማኅበረሰቡ የማይፈልገው ባሕርይ ነው? እዚህ ላይ ያመጣችው ታሪክ አፌን አስያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ከባርነት የሚያመልጡ ጥቁሮች «ድራፔቶማኒያ» የሚባል ሕመም አለባቸው ብሎ ጻፈ። ማምለጡ በሽታ ሆነ፤ ሰውን በሰንሰለት ማሰሩ ግን ጤና! መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ የምትለው፣ አንዱ መለኪያ ብቻውን አይበቃም ነው። በተለይ ደግሞ ነገሩ ሰውየውን ከኑሮው ምን ያህል አስተጓጎለው ብላችሁ ጠይቁ ትላለች።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ደህና ናቸው፣ ልለፋቸው።

አምስተኛው ሳምንት የእኔ ነው። ገና ሲከፈት በሳሙና የተሸፈነ እጅ፣ ቀጥሎ በቀለም ተራ የተደረደሩ እርሳሶች። ኧረ በስመ አብ! «እኔም እኮ ኦሲዲ አለብኝ፣ የተጣመመ ፍሬም አልወድም» የሚሉኝ ሰዎች ከዚህ ዓይነት ሥዕል ነው የሚማሩት። ጽዳት የሚወድ ሰው ሲያጸዳ ደስ ይለዋል። እኔ በሩን ስፈትሽ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሥዕሉ በኋላ ግን ትምህርቱ ተስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማን እና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ አስጨናቂ ሐሳብ ጤነኛ ሰዎችም ይመጣባቸዋል። ድልድይ ላይ ቆመህ «ብዘልስ?»፣ ሕፃን ታቅፈህ «ብጥለውስ?» የሚል ዓይነት። ሌላው ሰው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው» ብሎ ይቀጥላል። እኛ ግን ሐሳቡን አስቁመን መታወቂያ እንጠይቀዋለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ ኦሲዲን ከጭንቀት ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ የራሱ ቦታ ሰጥቶታል። ለምርመራም፣ ነገሩ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ወይም ብርቱ ሥቃይና የኑሮ መሰናክል የሚያመጣ መሆን አለበት ይላል። ሰዓት ይዤ ራሴን ለካሁ። በር 14 ደቂቃ፣ ምድጃ 9፣ የጻፍኩትን መልእክት ሳልልክ ደጋግሞ ማንበብ 48። መልእክቱ አስደነገጠኝ፤ ከኦሲዲው ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

የቀረው ነገር ግን አለ። ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ይላል። እሰማዋለሁ። እጀታውን እገፋለሁ፣ አይነቃነቅም። አምስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ግን ያ «ቀጭ» የዛሬ ይሁን የትናንት ይጠፋብኛል። ለምን? ደጋግሞ መፈተሽ ራሱ በትዝታችን ላይ ያለንን እምነት ስለሚያደክም ነው። ቫን ደን ሃውት እና ኪንት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 በሙከራ አሳይተዋል። እኔ ከሌላ ቦታ አነበብኩት እንጂ ኮርሱ ትንፍሽ አላለም።

ሕክምናውማ ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠው። ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው መንገድ ዛሬ ኢአርፒ ይባላል። የሚያስፈራህን ነገር ትጋፈጣለህ፣ ከዚያ የለመድከውን ማረጋገጫ አታደርግም። አንዴ ቆልፈህ ትሄዳለህ። ሆድህ ይታመሳል። ይታመስ። ስለ መድኃኒትም «አለ» ተብሎ ታልፏል። ለኦሲዲ የሚሰጠው መጠን ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው እንደሚበልጥ፣ ውጤቱ እስኪታይም ከ8 እስከ 12 ሳምንት እንደሚፈልግ ቢነግሩ ምን ነበረበት? በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ሐኪሙን ሳያማክር የሚያቆመው ሰው ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ። ቪዲዮው ዐሥር ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አለው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ሁለተኛ በር ነው። የ23 ደቂቃ ትምህርት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከላይ ደግሞ «100 በመቶ ካልሞላ ሰርተፊኬት የለም» የሚል አረንጓዴ መስመር አለ። ተማሪዎችን የሚረዳው ሰውም ደግ ነው፤ ችግሩ ደግነቱ ነው። «ሰባተኛውን ጥያቄ በትክክል ነው የመለስኩት?» ብዬ ጻፍኩለት። «አይዞህ፣ ትክክል ነህ» አለኝ። በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ጠየቅሁት፣ አራት ጊዜ «አይዞህ»። ይኼኔ እህቴ ትዝ አለችኝ። ድሮ እየደወልኩ «በሩን ስቆልፍ አይተሽኛል?» ስላት «ኧረ ቆልፈሃል!» ትለኝ ነበር። አሁን ቴራፒስቴ መክሯት «አልነግርህም» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ስለ ኦሲዲ የሚያስተምር ኮርስ ይህችን አንዲት ነገር፣ ደጋግሞ «አይዞህ» ማለት ሕመሙን እንደሚመግበው፣ ለረዳቱ አለመንገሩ ይገርማል።

ስለ ሥነ ልቦና ምንም ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ኦሲዲ ያለበት ሰው ከገባ ያንን የመመለሻ ቁልፍ በወረቀት ይሸፍነው፤ የምሬን ነው፣ እኔ ሸፍኜዋለሁ። የመጨረሻውን ቪዲዮ አንዴ ብቻ አየሁት። ሁለት ቦታ ላይ ሐሳቤ ሄዶ ነበር፣ አልተመለስኩም። አረንጓዴው መስመር 97 በመቶ ላይ ቆሟል፤ ሰርተፊኬቱንም አልሰጡኝም።