ስምንት ሐሙስ ማታ ከላይፍ ኮች ጋር

ከፋሲካ በኋላ ነው። ሐዘን ላይ ያሉ አንዲት እናት ፊቴ ተቀምጠው እያለቀሱ ነበር። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። በልቤም «ምነው ቶሎ ቢጨርሱ» አልኩ። እሳቸው ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። አልተቆጨሁም። ምንም አልተሰማኝም። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ነገሩን ትንሽ ቀይሬዋለሁ።)

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሥነ ልቦና አማካሪነት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዳምጡ ውለው፣ ማታ የገዛ ልጃቸውን ማዳመጥ ላቃታቸው ባልደረቦቼ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ አዲስ አበባ ከምትኖር አንዲት ላይፍ ኮች (እየጠየቀች የራስሽን መንገድ እንድታገኚ የምታግዝ ባለሙያ) ጋር ስምንት ጊዜ በስልክ ተነጋገርኩ። ሁሌም ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 50 ደቂቃ ነበር፤ ዋጋው 1200 ብር። ስምንቱ 9600 ብር መጣ። ለኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ያገኘሁትንም ያላገኘሁትንም እናገራለሁ።

መጀመሪያ ስለ ድካሙ። በርንአውት (ከሥራ ብዛት የሚመጣ መዛል) የሚለውን ቃል በ1974 እ.ኤ.አ. ጽፎ ያስተዋወቀው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ራሱ የኛው ሙያ ሰው ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ያለ ክፍያ በሚያክም አንድ ክሊኒክ ሲያገለግል፣ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች እየዛሉ ሲመጡ አይቶ ነው የጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች ዝርዝሩ 11ኛ እትም ላይ አስገብቶታል። በሽታ ግን አይለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው የሚለው። ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው መስሎ መታየት። ይህን ለሌላ ሰው ስንቴ አስረድቻለሁ። በራሴ ሲመጣ ግን «ጾሙ ነው ያደከመኝ» አልኩ። ጾሙ ተፈታ። ድካሙ አልለቀቀኝም።

የመጀመሪያው ሐሙስ ደስ አላሰኘኝም። «የሕይወት ጎማ» የሚሉት አንድ ቅጽ ላከችልኝ። ክብ ነው፣ ስምንት ቦታ የተከፈለ። ሥራ፣ ጤና፣ ገንዘብ፣ ቤተሰብ እያልሽ ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ትሰጫለሽ። በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ነው። ለቅሶ ቤት መቀመጤን የት ላስገባው? ዕድሩንስ? የማርያም ማኅበሩንስ? ለኔ ለቅሶ ቤት ግዴታም ነው፣ ዕረፍትም ነው፣ አንዳንዴም ሥራ ነው። ይህንኑ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። ቅጹን ተይው አለችኝ። «በቃ አንድ ሳምንት ቁጠሪ። ሰው ችግሩን በነገረሽ ቁጥር የት እንደሆነ ጻፊ።»

ቆጠርኩ። ቀጠሮ ይዘው ቢሮዬ የመጡት 23 ሰዎች ነበሩ። ያለ ቀጠሮ የነገሩኝ ደግሞ 17። አንዱ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሽንኩርት ስገዛ። አራቱ አብማ ማርያም በር ላይ፣ ሳምንቱ 21ን ይዞ ስለነበር። የቀሩት በስልክ፣ አንዳንዱም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ። ደብተሩን ለባለቤቴ ሳሳየው «እኔ እኮ ከዚህም የሚበዛ መስሎኝ ነበር» አለኝ። እኔ ክሊኒኩ ነው የጨረሰኝ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ከክሊኒኩ ወጥቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ተጋጨን። «አሁን ሥራ ላይ አይደለሁም በያቸው» አለችኝ። ተናደድኩ። ይህ ሰው ሰውን በማያውቅበት ከተማ የሚሆን ምክር ነው። እዚህ ዛሬ ፊት የነሳሽው ሰው ነገ ለቅሶሽ ላይ ድንኳን የሚተክል ነው። ደግሞም ችግር ላይ ላለ ሰው ጀርባ መስጠት አላደግኩበትም። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እሺ፣ እምቢ ሳትያቸው ቆዩ የምትያቸው እንዴት ነው?»

ለኔ የ9600 ብሩን ዋጋ ያወጣው ይሄ ጥያቄ ነው። መልሱን እሷ አልሰጠችኝም። እኔም ወዲያው አላገኘሁትም፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አንዲት እናት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ያ ልጅ እኮ ዛሬም አልተኛ» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ይሄ በቁም የሚነገር ነገር አይደለም። ማክሰኞ 8 ሰዓት ይምጡና ተቀምጠን እናውራ» አልኳቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ዞር ዞር ብለው አዩና «እውነትሽን ነው፣ እዚህ ሰው ይሰማል» አሉኝ። መርቀውኝ ሄዱ። ማክሰኞ መጡ።

በ11 ዓመት ውስጥ አስቤው የማላውቀው ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ለኔ ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም አይሆንም ነበር። ምሥጢር መጠበቅ የሙያዬ የመጀመሪያ ሕግ ነው። እኔ ግን መንገድ ላይ የሰው ምሥጢር ስሰማ እንደ ደግነት እቆጥረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትንንሽ ነው። በሁለት ተገልጋዮች መሀል 10 ደቂቃ አስገባሁ፤ ወጥቼ ግቢውን እዞራለሁ። ስልኬን ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አላነሳም። ሕይወቱን ያጠፋል ተብሎ የሚያሰጋ ሰው ላላቸው ቤተሰቦች፣ ነገሩ ከባሰ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንዲወስዱት አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ድሮ የኔን ስልክ ብቻ ይዘው ነበር የሚሄዱት። አሁን ሳስበው ለእነሱም ለኔም አደጋ ነበር።

አምስተኛው ሐሙስ ላይ የሆነውን ግን በደንብ ልንገራችሁ፤ ኮች ለምትፈልጉ ሁሉ መለያ ይሆናል። አንድ ተገልጋይ የነገረኝ ታሪክ ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ጀምሮ ነበር። ያንን ማውራት ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልጨርስ በቀስታ አስቆመችኝ። «ይህን እኔ መያዝ የለብኝም። ለዚህ ቴራፒስት ነው የሚያስፈልግሽ። የምትሄጂበት ሰው አለሽ?» አለችኝ። አለኝ፤ ባሕር ዳር አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። እሷም እስክሄድ ድረስ በየሳምንቱ ጠየቀችኝ። ኮቺንግ ሕክምና አይደለም። ኮች ዛሬ ካለሽበት ተነስተሽ ወዴት እንደምትሄጂ ነው የምትጠይቅሽ። ቁስል ማከም ሌላ ሥራ ነው። ይህን ድንበር የማያውቅ ኮች ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ላይፍ ኮች የሚለውን ስም ማንም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናውን ጠይቁ፤ ነውር የለውም። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ ምስክር ወረቀት ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል። የኔዋ ገና ሳልጠይቃት ነው ያሳየችኝ።

ቅሬታዬን ልናገር። ቅጾቹ በአማርኛ መሆን ነበረባቸው። ኔትወርክ ሁለት ጊዜ መሀል ላይ ቆርጦብን አንዱን ብቻ ነው የካሰችኝ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ምንም አንሰማማም፤ ጋቢ ተከናንቤ ጓዳ ገብቼ ያወራሁበት ቀን አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይሄ ነው፦ ኮች ለክሊኒኩ ተጨማሪ ባለሙያ አትቀጥርም። አለቃዬን ሰው በሚበዛበት ቀንም ከአምስት ሰው በላይ አልችልም አልኩት። ስድስት አደረገልኝ። በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ቁጥር አልቀነሰም። ድካሜ ሁሉ ከኔ አያያዝ የመጣ ቢመስለኝ ኖሮ ራሴን ብቻ ስወቅስ እኖር ነበር። ግማሹ የኔ ነው። ግማሹ የኔ አይደለም። እሷም ይህን ሳትሸፋፍን ነው የነገረችኝ።

መጨረሻው ሐሙስ ላይ «ይሄ ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ነው። ምን ታደርጊበታለሽ?» አለችኝ። እዚሁ ከተማ ውስጥ እንደኔ አማካሪ የሆነች ጓደኛ አለችኝ። እታለም ነው የምንባባለው፤ ግን ለወራት ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ደወልኩላት። አሁን ሐሙስ ማታ እሷ ቤት ቡና እንጠጣለን። እስከ ቶና ድረስ ስለ ሥራ እናወራለን፤ የከበደንን፣ ያጠፋነውን፣ የሰው ስም ሳንጠራ። በረካ ሲቀዳ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነው።