ለቴፕና ለአምፕሊፋየር፦ ፊልተር በእጅ መሥራት ወይስ ስታብላይዘር መግዛት?

ጅማ ውስጥ ሙዚቃ ከፍተው ሳሉ የጎረቤት ፍሪጅ ሲነሳ ስፒከሩ "ጧ!" የሚልባቸው ብዙ ናቸው። የቱ ይሻላል? መጀመሪያ ችግሩን እንለይ።

ሥራ፦ ፊልተር በመብራት መስመሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ (እንደዚያ "ጧ!" ያለውን) ያጣራል፤ ቮልቴጅ አያስተካክልም። ስታብላይዘር ወደ 220 ቮልት ያቀርባል፤ ጫጫታውን ግን ያሳልፋል። የማያቋርጥ "ኡኡ" የሚል ድምፅን ሁለቱም አያጠፉትም፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ከግራውንድ (ወደ መሬት ከሚገባው የመከላከያ ገመድ) ወይም ከገመድ ግንኙነት ነው።

ወጪ፦ የፊልተር ኮይል (የተጠመጠመ ሽቦ) እና ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ) ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ይፈታል። ስታብላይዘር ውድ ነው።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መስመሩ ላይ የሚገባው ካፓሲተር "ኤክስ 2" (X2) የሚል ምልክት ያለበት ይሁን፤ ተራው ሊቃጠል ይችላል። ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛልና ማፍሰሻ ሬዚስተር ይግባለት። ፊውዝም አይቅር። ቤትዎ ግራውንድ ከሌለው ደግሞ ከብረት ሳጥኑ ጋር የሚገናኙትን "ዋይ" (Y) ካፓሲተሮች ይተዉ፤ ሳጥኑ እጅ ይነዝራል።

መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚልብዎ ከሆነ ስታብላይዘር ይግዙ። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ጫጫታ ብቻ ካስቸገረ፣ ግራውንድም ካለ፣ ፊልተር ይበቃል። ብየዳ ካልለመዱ ግን ለባለሙያ ይስጡት።