መብራት በሌለበት በማይክሮስኮፕ የታየ ሽንት

በቅርቡ አክስቴን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጣጣው ይበዛል። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። «ሙሉ የጤና ምርመራ በ40 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ከሥሩ ደም፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ «ሽንት ከነማይክሮስኮፕ ምርመራው» እያለ ይዘረዝራል። አክስቴ ወገቧን እያመማት ሰንብታለች። ቅናሽ ሲባል ደግሞ እግሯ ይፈጥናል።

ከፈልን፣ ካርድ ወጣ። ሪሰፕሽኗ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠቻትና ሽንት ቤቱን በጣቷ ጠቆመቻት። በቃ። ታጠቢ የለ፣ የመጀመሪያውን ድፊ የለ፣ ኩባያው ላይ ስም እንኳ አልተጻፈም። አክስቴ ይዛ መጣችና መስኮቱ ላይ ፀሐይ ከሚመታቸው አራት ኩባያዎች አጠገብ አስቀመጠችው። የእሷን የለየሁት ዳር ላይ ስለነበር ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ መጥቶ የራሱን ዳር አደረገ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ሰዓት መብራት የለም። ጄኔሬተሩም ናፍጣ ጨርሷል ተብሏል። ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ልጅ በስልኩ መብራት ነው የሚጽፈው። ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቱ መጣ። «ፐስ ሴል፦ ሜኒ። ባክቴሪያ፦ ሁለት ፕላስ።» መግል (ነጭ የደም ሴል) ብዙ ነው፣ ባክቴሪያም አለ ማለት ነው። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያያት «ከባድ የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው» አላት። ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በመርፌ፣ ለሰባት ቀን፣ እዚያው እየተመላለሰች። መድኃኒቱ እዚያው ይሸጣል። መውጊያው ለብቻው ይከፈላል። የቅናሹ ነገር ያኔ ተገለጠልኝ።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ አይደለሁም። የአጎቴ ልጅ ግን ነው። ሥራ ቦታው ሄጄ እየጠበቅኩት ሽንት ሲመረምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ምርመራው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ ቀለሙና ጥራቱ በዓይን ይታያል። ቀጥሎ ስትሪፕ ይነከራል። አሥር ያህል ትንንሽ ካሬዎች ያሉት ቀጭን ነገር ነው። ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ደም፣ ኪቶን፣ ናይትራይት (የባክቴሪያ ምልክት)፣ ሉኮሳይት (የነጭ የደም ሴል፣ የመግል ምልክት) እያለ ይሄዳል። ቀለሙ ሲቀየር ብልቃጡ ላይ ካለው ሰሌዳ ጋር ያስተያዩታል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ማይክሮስኮፑ ሌላ ሥራ ነው። አሥር ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ቱቦ ውስጥ ይቀዳል። ቱቦው ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ገብቶ አምስት ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ከላይ ያለው ይደፋል። ታች የዘቀጠው ይናጥና አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረጋል። መጀመሪያ በ10 እጥፍ ሌንስ፣ ቀጥሎ በ40 እጥፍ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ዓይን ጥሎ መነሳት የለም፤ አሥር ያህል ቦታ እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ወረቀቱ ላይ «0-2» ወይም «5-10» ተብሎ የሚጻፈው የዚያ ቆጠራ አማካይ ነው። እንግዲህ ሴንትሪፊውጁም በመብራት ይሠራል፣ ማይክሮስኮፑም እንደዚያው። ታዲያ ያ ልጅ የአክስቴን መግል በምን አየው?

ላለመሳሳት ይህን ልጨምር። መስታወት ያለው የድሮ ማይክሮስኮፕ በፀሐይ ብርሃን ይሠራል፤ መብራት በማይደርስበት ጤና ጣቢያ ብዙ ሰው ያዳነ ዕቃ ነው። በእጅ የሚሽከረከር ሴንትሪፊውጅም አለ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ደግሞ ሴሉን ራሱ ፎቶ እያነሳ የሚቆጥር ማሽን ስላለ ውጤት ቶሎ ቢመጣ አይገርምም። እኛ የነበርንበት ቤት ግን በመስኮቱ አጮልቄ አይቻለሁ። ማይክሮስኮፑ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው።

ወረቀቱን ለአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት። ሳቀ። «ስትሪፑ ላይ ናይትራይት ኔጋቲቭ፣ ሉኮሳይት ኔጋቲቭ ይላል። ከሥሩ መግል ሞልቷል ይላል። ሁለቱ አይጣሉም እንዴ?» አለኝ። አልፎ አልፎ ሊለያዩ ይችላሉ። ግን እንዲህ ሲጣሉ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ሌላ ናሙና ይጠይቃል እንጂ መርፌ አያዝም።

አክስቴ መርፌውን ሳትጀምር በማግስቱ ሌላ ቦታ ወሰድኳት። እዚያ ነርሷ አስረዳቻት፤ ታጥበሽ፣ የመጀመሪያውን ትተሽ፣ መካከለኛውን ያዢ አለቻት። ኩባያው ላይ በፕላስተር ስሟና ሰዓቱ ተጻፈ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ነጭ የደም ሴል 0-2፣ ባክቴሪያ አልታየም። ወገቧስ? ሐኪሙ ጠይቆ ጠይቆ ደረሰበት፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የከረመችው።

ስለዚህ «ከነማይክሮስኮፕ» ብላችሁ ከከፈላችሁ ወረቀቱን ገልብጣችሁ እዩት። ከስትሪፑ ውጤት ሌላ የሴል ቁጥር አለው? ወይስ «ሜኒ» ብቻ ነው? ኢፒተሊያል ሴል (ከቆዳና ከሽንት መተላለፊያ ሽፋን የሚረግፍ ሴል) የሚለውን መስመር ደግሞ አትዝለሉት። እሱ ከበዛ ናሙናው ከቆዳ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያውም ከዚያው የመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ድጋሚ መስጠት ይሻላል። የሠራው ሰው ስምና ፊርማም ይኑር። ሲጠየቁ የሚቆጡ ቤቶች አሉ፤ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ሽንቱ የተሰጠበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፣ ካልሆነ ፍሪጅ ይገባል። ሙቀት ላይ የዋለ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል፣ ሴሉ ይፈርሳል። ከቤት በማርማላታ ብልቃጥ ይዛችሁ የምትሄዱም ተዉ።

አንድ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር፦ «ክሪስታል ታይቷል፣ ጠጠር አለብህ» የሚሉት። ክሪስታል ጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥም ይታያል፤ ሽንቱ ቆይቶ ሲቀዘቅዝም ይፈጠራል። ጓደኛዬ በዚህ ወረቀት ብቻ ሁለት ወር የጠጠር መድኃኒት ሲውጥ ኖሯል። አልትራሳውንድ ሲነሳ ምንም የለም።

ይህን ስል ግን ሕክምና ሽሹ ማለቴ አይደለም። ሽንት የሚያቃጥላችሁ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላችሁ፣ ጎናችሁን የሚወጋችሁ ከሆነ በፍጥነት ሂዱ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ምንም ሳያማትም ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ ትታከማለች፤ ለእሷ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ፣ ቢሠራላት ይመረጣል። ካልቸር አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም አብሮ ይነግራል። ምንም ሕመም የሌለው ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ግን ባክቴሪያ ታየበት ተብሎ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። በከንቱ በተወሰደ ቁጥር ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ ገንዘባችንን ጠየቅሁ። «ፓኬጅ ተመላሽ የለውም» አሉኝ። ደረሰኝ ጠየቅሁ፤ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። ሁለቱን የላብራቶሪ ወረቀቶችና ብጣሿን አያይዤ ለከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አቤቱታ አስገብቻለሁ። ባነሩ ዛሬም አልወረደም፤ ጠዋት በታክሲ ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ቅናሹ 50 በመቶ ሆኗል።