ነጭ ሸክላ፣ ጠመኔ ወይስ ኳርትዝ? የማጽጃና የመወልወያ ሊጦች ንጽጽር

የጽዳት ዕቃ መደርደሪያ ፊት የቆመ ገዢ «ተፈጥሯዊ»፣ «ሁለገብ»፣ «የማይጭር» የሚሉ ቃላትን በየማሸጊያው ያነባል። ሁሉም ተመሳሳይ ነገር ስለሚናገሩ ለምርጫ አይረዱትም። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ውስጡ ያለው ዱቄት ምን እንደሆነ ነው። ሊጥ የሚመስል ማጽጃ ሁሉ የሚፈገፍግ ደቃቅ ዱቄት፣ ቅባት የሚያለቅቅ ሳሙና እና ሁለቱን የሚያያይዝ ፈሳሽ አለው። ዕቃውን የሚያድነውም የሚያበላሸውም በአብዛኛው ዱቄቱ ነው። ከዕቃው የለሰለሰ ዱቄት እድፉን አንስቶ ዕቃውን ይተወዋል፤ ከዕቃው የጠነከረ ዱቄት እድፉንም ዕቃውንም አብሮ ይልጣል። የተላጠ ብር ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ማዕድናት በጥንካሬያቸው የሚመደቡበት የሞህስ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል፤ ለስላሳው ታልክ 1፣ አልማዝ 10 ነው። ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ከ2 እስከ 2.5 ያህል ነው። ጠመኔና የኖራ ድንጋይ የሚገኙበት ካልሳይት 3፣ ፌልድስፓር 6፣ በአሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ከእነዚህ ጎን ዕቃዎቹን ያስቀምጧቸው፦ ብርና ወርቅ ከ2.5 እስከ 3፣ አሉሚኒየም እዚያው አካባቢ፣ መዳብ 3፣ ነሐስ ከ3 እስከ 4፣ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ። ከብርና ከወርቅ በታች የሚውለው ነጭ ሸክላ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህ ማለት ሌሎቹ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፤ የቅንጣቱ ድቀት፣ የሳሙናው ማንሸራተትና የእጅዎ ጉልበትም ውጤቱን ይለውጡታል። ሆኖም በስህተት ዕቃ የማበላሸት ዕድሉ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይጨምራል።

ነጭ ሸክላ፦ ለለስላሳና ለሚያንጸባርቅ ዕቃ

ካኦሊን ስሙን ያገኘው በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ በሸክላ ሥራዋ በምትታወቀው ጂንግደዠን አቅራቢያ ካለው ጋኦሊንግ ከሚባል ሥፍራ ነው። በአገራችንም በጉጂ ዞን ቦምቦዋ የሚገኘው ክምችት ለሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። ቅንጣቶቹ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ስስና ጠፍጣፋ ናቸው። ሲታሹ ጥግ አውጥተው ከመቆፈር ይልቅ በዕቃው ገጽ ላይ ተኝተው ይንሸራተታሉ፤ ለመወልወያ ያስመረጣቸውም ይኸው ነው።

ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው መካከል በጀርመንና በኦስትሪያ በየሱቁ የሚገኘው ነጭ የማጽጃ ድንጋይ ዋናው ነው። ድንጋይ ቢባልም ነጭ ሸክላ፣ ሳሙናና ግሊሰሪን ተደባልቀው በጣሳ ውስጥ የደረቁበት ነው። እርጥብ ስፖንጅ በላዩ ላይ ሲታሽ አረፋና ክሬም ይወጣዋል፤ በዚያ ዕቃውን አሽቶ፣ በውሃ አለቅልቆ፣ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። አውሮፓ ያሉ ዘመዶች ወደ አገር ቤት ሲመጡ ሻንጣ ውስጥ የሚከቱት ነገር ከጠየቁዎት ይህን ይንገሯቸው፤ ደረቅ ስለሆነ አይፈስም፣ አንዱ ጣሳም ብዙ ወር ይቆያል።

በምን ላይ ይመረጣል? በብር ማንኪያና ጌጣጌጥ፣ በነሐስ እጀታ፣ በማይዝግ ብረት ገንዳ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ መስታወት፣ በቧንቧ አናት፣ በነጭ ጫማ ላስቲክ ላይ። በምን ላይ አቅም ያንሰዋል? ያረረ ድስት ላይ፣ ዝገት ላይ፣ እንዲሁም ውሃ ሲደርቅ በማፍያ ጀበናና በቧንቧ ላይ በሚተወው ነጭ ቅርፊት ላይ። ቅርፊቱ ራሱ ካልሳይት ስለሆነ ከሸክላው ይጠነክራል፤ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ አሲድ ዱቄት ሊሟሟ ይገባል እንጂ በፍግፈጋ አይለቅም። በዚህ ላይ «ሁለገብ» የሚለውን ጽሑፍ አምኖ ሲፈገፍግ የሚውል ሰው ያሳዝነኛል።

በብር መስቀል ላይ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህን ሰፋ አድርጌ የምናገረው ብዙ ቤት ውስጥ ከአያት የወረደ መስቀል ስላለ ነው። በብር ክር ተጠልፎ የተሠራ ጌጥ ላይ ሊጥ ከተቀባ በየቀዳዳው ገብቶ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ ለማውጣትም መርፌና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። በቅርጹ ስንጥቆች ውስጥ ያለው ጥቁረት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሥራው አካል ነው፤ ሐረጉን አጉልቶ የሚያሳየው እርሱ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ጨርቅ በጣት ላይ ጠቅልሎ ከፍ ያለውን ገጽ ብቻ መወልወል ይበቃል። ጌጣ ጌጥ ድንጋይ የሌለበትና ጥቁረቱ የማይፈለግበት ለስላሳ የብር ዕቃ ከሆነ ግን ያለ ምንም ዱቄት የሚጸዳበት መንገድ አለ፦ የአሉሚኒየም ፎይል የተነጠፈበት ሳህን ውስጥ ዕቃው ፎይሉን እንዲነካ አስቀምጦ፣ የፈላ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ማፍሰስ። የብር ጥቁረት ብር ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው፤ በዚህ ዘዴ ድኙ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፣ ብሩ እዚያው ይቀራል። በመላጥ ከሚያጸዳ ማንኛውም ሊጥ ይህ ይሻላል። በብር የተለበጠ ዕቃ ያለው ሰውማ ልባጡ ስስ ስለሆነ በየሳምንቱ ሊወለውል አይገባም።

የጥርስ ሳሙና ለብር ይሆናል የሚለውን ምክር ደጋግሜ እሰማለሁ። አይሆንም። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ሲሊካ ወይም ካልሲየም ካርቦኔት የተመጠነው በሞህስ 5 ለሚደርሰው የጥርስ ሽፋን ነው፤ ብር ከዚያ በጣም ይለሰልሳል።

ጠመኔ ያለባቸው ክሬሞች

እ.ኤ.አ. በ1969 በፈረንሳይ ገበያ ላይ የዋለው ሲፍና መሰሎቹ ነጫጭ ክሬሞች የሚፈገፍጉት በካልሲየም ካርቦኔት ነው። ለመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ ለኢሜል ድስት፣ ለማይዝግ ብረትና ለምድጃ ጥሩ ናቸው፤ ከነጭ ሸክላ በተሻለ ፍጥነትም ይሠራሉ፤ ከጠርሙስ ስለሚፈሱ ለአያያዝ ይመቻሉ። ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር ግን ጥንካሬያቸው ስለሚቀራረብ የማንጸባረቅ ነገር ካለ አልመርጣቸውም። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጨምሮ ማጠናከር የሚሞክሩ አሉ፤ አሲዱ ጠመኔውን ስለሚበላው አረፋ ይታያል እንጂ የማጽዳት ኃይል ይቀንሳል።

ፌልድስፓር፣ ኳርትዝና አሲድ

የአሜሪካኑ ቦን አሚ እ.ኤ.አ. በ1886 የተነሣው በዚሁ የጥንካሬ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን የማጽጃ ሳሙናዎች የሚሠሩት በተፈጨ ኳርትዝ ነበር፤ ከኳርትዙ ጋር አብሮ የሚወጣው ፌልድስፓር ደግሞ ተለይቶ ይጣል ነበር። በኮነቲከት ግዛት የነበረው የሮበርትሰን ሳሙና ፋብሪካ የሚጣለውን ለስላሳ ማዕድን ከሳሙና ጋር ቀላቅሎ «እስካሁን አልጫረም» በሚል መፈክር ሸጠው። ከኳርትዝ ጋር ሲነጻጸር እውነት ነው። ከነጭ ሸክላ ጋር ሲነጻጸር ግን ፌልድስፓር አሁንም ጠንካራ ነው፤ ለብርና ለነሐስ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ የሚሠራው ባር ኪፐርስ ፍሬንድ ፌልድስፓርን ከኦክሳሊክ አሲድ ጋር ያጣምራል። አሲዱ ብረትን ስለሚይዝ የዝገት ምልክትንና የማይዝግ ብረት ድስት ላይ የሚወጣውን ሰማያዊ ቀለም ያነሳል፤ በዚህ የሚስተካከለው ሸክላ የለም። ቆዳ ስለሚያስቆጣ በጓንት ይሠራበት፣ ሕፃናት ከማይደርሱበትም ይቀመጥ። እብነ በረድ ላይ ፈጽሞ አይደረግ፤ እብነ በረድ ካልሳይት ስለሆነ አሲድ ያደበዝዘዋል።

ለነሐስ ብቻ የሚሸጡ ፈሳሾች ሌላ ወገን ናቸው። በጣም የታወቀው የእንግሊዙ ብራሶ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ አለ፤ ውስጡ ካኦሊንም ኳርትዝም፣ ከዚያ በላይ የነዳጅ ውጤት የሆነ ሟሟትና አሞኒያ ይገኙበታል። ለበር እጀታና ለጸናጽል ሥራውን ፈጥኖ ይጨርሳል። ሽታው ከባድ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ ይሠራበት፤ ምግብ የሚነካ ዕቃ ላይም አልጠቀምበትም። አሞኒያ ያለበትን ማንኛውንም ነገር ከበረኪና ጋር ማገናኘት መርዛማ ጋዝ ያስነሳል፤ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር ማገናኘትም እንዲሁ።

አመድና ሎሚስ? ሎሚ የነሐስንና የመዳብን ጥቁረት በእውነት ያሟሟል፤ ነሐሱን ለረጅም ጊዜ እንዲዘፍቁት ግን አይፈቀድም፣ ዚንኩ ተለይቶ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይሄዳል። አመድ ቅባት ያለቅቃል፣ ነገር ግን ከሰልና አሸዋ ስለማያጣው ለድስት ጀርባ እንጂ ለሚያንጸባርቅ ዕቃ አይሆንም። አሉሚኒየምን ደግሞ አመድም ቤኪንግ ሶዳም ሲቆዩበት ያጠቁሩታል፤ አሉሚኒየም የሚያበራው በሎሚ ነው። የሸክላ ምጣድን በተመለከተ ከእነዚህ አንዱም አይጠጋው፤ ሳሙናውን ይመጠዋል።

ራስዎ ለመሥራት የትኛውን አፈር ይግዙ?

ሸክላ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ለሸክላ ሠሪ የሚሆነው ቀይ አፈር አሸዋ አለበት፤ ለማሰሮ የሚጠቅመው ይኸው አሸዋ ብርን ይቧጭራል፣ ያለበት የብረት ኦክሳይድም ነጭ ዕቃና ጨርቅ ያቀልማል። ቤንቶናይት ውሃ ሲያገኝ አብጦ ዝልግልግ ይሆናል፤ ዱቄቱ ከታች እንዳይዘቅጥ ለማድረግ በጥቂቱ መጨመር ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን የሚያጣብቅ ሽፋን ይተዋል። ዲያቶማይት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አካባቢም የሚገኝ በውሃ ውስጥ የኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ቅሪት ነው፤ በሸክላ አይመደብም። በአንዳንድ የብር ክሬሞች ውስጥ አለ፣ ጥሩም ይወለውላል፤ በእሳት የተቃጠለው ዓይነት ግን ለሳንባ ጎጂ የሆነ ሲሊካ ስላለበት ቤት ውስጥ በዱቄት መልክ እንዲያዝ አልመክርም።

የቀረው ካኦሊን ነው፤ እርሱም ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፣ የተቃጠለ ነው ወይስ ጥሬ? በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ ካኦሊን በጣም ስለሚጠነክር ለብር አይሆንም። ሁለተኛ፣ ለመዋቢያ የተዘጋጀ ነው ወይስ ለሴራሚክ? የመዋቢያው ደቃቅና የተጣራ ሆኖ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሴራሚኩ ይረክሳል፣ ሻካራ ቅንጣት ግን ሊኖርበት ይችላል። ርካሹን የገዛ ሰው እንዲህ ያጥራው፦ በረጅም ማሰሮ ውሃ ውስጥ በጥብጦ አንድ ደቂቃ ያህል ያቆየው፣ ላይ የቀረውን ወተት መሳይ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ያፍስስ፣ ከታች የዘቀጠውን ይጣል። ሻካራው ቅንጣት ከባድ ስለሆነ ቀድሞ ይዘቅጣል። የፈሰሰው ውሃ በማግስቱ ሲረጋ ከሥሩ የሚቀረው ለመወልወያ የሚሆነው ነው።

ለቀላል ሊጥ 100 ግራም ካኦሊን፣ 30 ግራም ያህል ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና እና 15 ግራም ግሊሰሪን ይበቃል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ ከገንፎ ቀጠን እስኪል ማሸት ነው። ግሊሰሪኑ ቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳል። ለነሐስ ጥቂት የሎሚ አሲድ መጨመር ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ግን የተፈገፈገ ደረቅ ሳሙና አይጠቀሙ፣ አሲዱ ሳሙናውን ወደ ቅባት ስለሚመልሰው ሊጡ ይቋጠራል። ዱቄቱን ሲመዝኑ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ለአንድ ቤተሰብ ጥቂት ማንኪያና አንድ ገንዳ ከሆነ የሚጸዳው፣ የእኔ ምርጫ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ነጭ ድንጋይ ነው። ራስ መሥራት የሚያዋጣው ብዙ ብርና ነሐስ ላለው፣ ለጌጣጌጥ ሱቅ፣ ወይም የሽቶ ሽታ ለማይስማማው ሰው ነው። የተሸጠውን ሲገዙ ኮምጣጤ ጠብ አድርገው ይሞክሩት፤ አረፋ ከፈላ ጠመኔ ወይም ሶዳ አለበት። ከዚያ የማይፈልጉት አሮጌ ሲዲ ላይ በጣት ይሹት፤ በብርሃን ሲያዘነብሉት ጭረት ከታየ ለብር አያስጠጉት። ቤት የተሠራው ሊጥ መከላከያ ስለሌለው ይሻግታል፤ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ሠርተው በክዳን ይያዙት፣ የተረፈውን ካኦሊን በደረቁ ያቆዩት።